ነርሶቻችን ለምን ይለቃሉ?

በባሕር ዳር የጤና ባለሙያ ሥራውን ለምን እንደሚለቅ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ነው፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባለሙያዎች በአገር ደረጃ ሥራ ያቆሙትም በዚሁ ጥያቄ ነበር። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስመርር የሚመስለኝ የዲዩቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጭ በተረኝነት የሚሠራ ሥራ) ክፍያ መዘግየት ነው። ጓንት አልቆባት አስታማሚውን ከውጭ ፋርማሲ እንዲገዛ እየላከች፣ ሌሊቱን ሙሉ በዋርዱ ስትሯሯጥ ያደረች ነርስ የሠራችበትን ገንዘብ ለወራት ስትጠብቅ፣ የቤት አከራይዋ ግን አይጠብቃትም። እሷ ስትለቅ ተራዋ በቀሩት ላይ ይደረባል፤ እነርሱም (መቼም ሰው ናቸው) የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ማየት ይጀምራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ1,000 ሰዎች 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ሲሆን፣ አገራችን ከዚህ እጅግ ትርቃለች። የሚገርመው፣ በዚህ እጥረት መካከል ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ወጣት ሐኪሞች መኖራቸው ነው፤ መደቡ በጀት እስካልተያዘለት ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያልና።