ሻይ የሆነው ጃኩዚ

ስልኩ የተደወለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደሴ ፒያሳ ቁርስ ላይ ነበርኩ።

«ኢንጂነር፣ ጃኩዚው ሻይ ሆኗል» አሉኝ ሐጂ፣ ኮምቦልቻ ያለው ሆቴል ባለቤት።

ኢንጂነር አይደለሁም። ሌቨል ፎር ነኝ። ሐጂ ግን ሲጨንቃቸው ኢንጂነር ይሉኛል፤ ሒሳብ ሲደርስ ደግሞ «ይሄ የቧንቧው ልጅ» እሆናለሁ።

ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ከደሴ ጃኬት ለብሶ የተነሳ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን በእጁ ይዞ ነው ከመኪና የሚወርደው። በዚያ ሙቀት ማን 40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል እንዳትሉኝ። ሙሽሮች ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የሙሽራ ክፍል በሠርግ ወቅት ባዶዋን አታድርም።

ሐጂ ደረጃውን እየወጡ አወሩኝ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሙሽራ በነጭ ፎጣ ተጠራርጎ፣ ፎጣው ቡናማ ሆኖበት ይዞ ወረደ። «የሙሽሪት ሂና ነው ብዬ መርቄ ሸኘሁት» አሉ።

ውሃው እውነትም ሻይ ነው። ግድግዳውን በጣቴ አሸሁት፤ አያሟልጭም። አልጌ ቢሆን ያሟልጫል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ይሄ ግን ታችውን የሚያሳይ ቡናማ ነው። የማሞቂያው መዳብ ተበልቶ ቢሆን ደግሞ ቀለሙ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ብረት ነው አልኩ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። ይቺን ያዙልኝ፤ ሌላ የምኮራበት ነገር ብዙ የለኝም።

ብረቱ ከየት መጣ? የሆቴሉ መስመር የድሮ የብረት ቧንቧ ነው። ዝገት! ለሐጂ ይሄን ሳስረዳ የላውንደሪዋ እናት ፎጣ ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ውሃው እኮ ሲመጣ ንጹሕ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ዝገት ሁልጊዜ በዓይን አይታይም።»

«በረኪና ስንጨምርበት ነው ሻይ የሚሆነው። አንሶላውም እንደዚያ ነው። ነጭ ይሁን ብዬ በረኪና ውስጥ ስነክረው ቢጫ ሆኖ ይወጣል። አሁን በረኪናውን ትቼ በሎሚ ነው የማስለቅቀው።»

ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታዬን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። «ሲስተም የለም» የሚል የቢሮ ሰው የሚሰጣችሁ ዓይነት ናት።

«እማማ፣ ልብስና ጃኩዚ ይለያያል» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ።

ከሮቶው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መስመር በሙሉ በፒፒአር የፕላስቲክ ቧንቧ ቀየርኩት። አራት ቀን ፈጀ። የሐጂን ወጪ አልነግራችሁም፤ እሳቸው ለሁሉም ሰው ይነግራሉ። ጃኩዚውን ስንሞላው ውሃው እንደ መስታወት ነው። ሐጂ በስልካቸው ፎቶ አነሱት። እኔም ኮራ ብዬ ክሎሪኑን ጨመርኩ፤ የክሎሪን መለኪያው ወረቀት 3 ፒፒኤም (በሊትር 3 ሚሊግራም) እስኪያሳይ። ከዚያ ውሃውን በግፊት የሚረጨውን ጄት ከፈትኩ።

መጀመሪያ የብርሃኑ መስሎኝ መጋረጃውን ገለጥኩ። ከዚያ መብራት አጠፋሁ። መልሼ አበራሁ። ሐጂም ዝም ብለው አብረውኝ ያያሉ። ሻዩ እየጠቆረ ሄደ። ፎቶውን እንኳ ገና ለማንም አልላኩትም ነበር።

«ቧንቧው አዲስ ነው አይደል?» አሉኝ በመጨረሻ። ኢንጂነር አላሉም።

ያን ዕለት ማታ ማድረግ የነበረብኝን የመጀመሪያ ነገር አደረግኩ። ሆቴሉ ውሃ ከሚስብበት ጉድጓድ፣ ከፓምፑ በቀጥታ በሁለት ነጭ ባልዲ ቀዳሁ። ቧንቧም ሮቶም ሳይነካው። አንዱ ላይ ትንሽ በረኪና (ያው ክሎሪን ነው) ጠብ አደረግኩ፣ ሌላውን ተውኩት። በረኪና የገባበት እዚያው ዓይኔ እያየ ቡናማ ሆነ። ያልገባበት ንጹሕ እንደሆነ አመሸ፤ ጠዋት ብቻ ላዩ ላይ ቀላ ያለ ስስ ነገር ተኝቷል። ነገሩ ያው ነው፦ ጉድጓድ ውስጥ አየር ስለሌለ ብረቱ ሟሙቶ ተደብቋል፤ አየር ሲያገኘው ቀስ ብሎ፣ ክሎሪን ሲያገኘው ወዲያው ይዝጋል። ቧንቧው ከደሙ ንጹሕ ነው።

ቡናማ ከሆኑት ፎጣዎች አንዱንም ወሰድኩ። መጀመሪያ በረኪናው እንዲወጣ ደጋግሜ አጠብኩት። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በዚህ ቀልድ የለም። ከዚያ ሎሚ ጨመቅኩበት። ለቀቀ።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። ማታ ክሎሪኑን ጃኩዚው ውስጥ ሳይሆን ሮቶው ውስጥ መጨመር። ብረቱ እዚያው ይዝጋል፣ ሌሊቱን ይዘቅጣል። መውጫውን ከሮቶው ሥር አንድ ክንድ ያህል ከፍ አደረግኩት፤ ከዚያም ውሃው በማጣሪያ አልፎ ይሄዳል። ጠዋት የሮቶውን ሥር ስናጥበው የወጣው ጭቃ ሸክላ ይሠራል።

ለሐጂ ሳስረዳ «ጥናት አድርጌ ነው የደረስኩበት» አልኩ። የላውንደሪዋ እናት እዚያው አንሶላ ያጥፋሉ። ቀና ብለው አዩኝ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያን የድሮውን ቧንቧ ትወስደዋለህ ወይስ ለቆራሌው ልሽጠው?»

እንዲሸጡት ተውኩላቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሐጂ ደወሉ። ውሃው ጠርቷል፤ ግን ዳር ዳሩን ግራጫ ቅባት ቀለበት ሠርቷል፣ ላዩ ላይም ቆሻሻ ይንሳፈፋል። ይሄኛው አላስቸገረኝም። ሠርግ ነዋ! ጸጉር ላይ ቅቤ፣ ገላ ላይ ሎሽን፣ ከዚያ ሳይታጠቡ በቀጥታ ጃኩዚ። የጃኩዚውን ማጣሪያ ካርትሪጅ ሳወጣው እጥፋቱ በሙሉ በቅቤ ተጠቅጥቋል።

የሚደረገውን አውቃለሁ። ውሃውን መድፋት፣ ዳሩን መጥረግ፣ ካርትሪጁን በራሱ ማጽጃ ዘፍዝፎ ማሳደር። ማጽጃው ግን አልነበረኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብኝ። ደግሞም ሰው የሚለውን መስማት ተምሬያለሁ። ዘወር ብዬ፣ ጨዋ ሆኜ የላውንደሪዋን እናት ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይሄን ቅቤ በምን ያስለቅቁታል?»

«ቅቤ? በኦሞ ነዋ። በምን ይለቃል?»

ካርትሪጁን በኦሞ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት አለቅልቄ ገጠምኩት። ለቅለቅ አደረግኩት እንጂ፣ እጥፋቱ ውስጥ የቀረውን ሳሙና ማን ያያል? ሙሽሮቹ ማታ ስለሚገቡ ሐጂም ቆመው እያዩ ነው። ጄቱን ከፈትኩ።

አረፋው መጀመሪያ ጃኩዚውን ሞላ። ከዚያ ወለሉን። በሩ ጋ ሲደርስ ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። እኔ ማጥፊያውን በዳበሳ እየፈለግኩ ነው።

የላውንደሪዋ እናት ኮሪደሩ ላይ፣ አረፋው ከማይደርስበት ቦታ ቆመው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ልብስና ጃኩዚ ይለያያል ብለኸኝ አልነበር እንዴ?»