ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ይዞ ደሴ መውጣት

ትኬቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይላል። አውቶቡሱ ከላምበረት የተነቃነቀው ግን 11 ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እኔና ረዳቱ በሁለት ካርቶን ስንነታረክ ቆየን።

«ምንድን ነው የያዘው?»

«መጽሐፍ።»

«እሱ ሸቀጥ ነው» አለና በካርቶን 300 ብር ቆረጠብኝ። ከፊቴ የነበሩት እናት አንድ ከረጢት ሽንኩርት በ200 አስጭነዋል። ተከራክሬ ተከራክሬ ሁለቱን በ500 ጨረስን። የአንዱ መጽሐፌ ዋጋ 350 ብር ነው። አከፋፋዩና ሻጩ ድርሻቸውን አንስተው፣ የማተሚያ ቤቱ ሲቀነስ ለእኔ የምትተርፈኝ ለደህና ምሳ አትበቃም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ወረቀቱም አልቀመስ ብሏል። ገና ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ከሰርኩ ማለት ነው።

የምጽፈው ለጎረምሶችና ለኮረዶች ነው። መጽሐፍ መደብር ውስጥ ለእነሱ የሚሆን መደርደሪያ አላየሁም። አንዱ ሻጭ ከተረት መጻሕፍት ጋር ይደረድረኛል፣ ሌላው ከአዋቂ ልቦለዶች መሀል ይሰካኛል። ስለዚህ አንባቢዎቼን ያሉበት ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ነው የማገኛቸው።

ደብረ ብርሃንን በእንቅልፍ አለፍኳት። የነቃሁት ጣርማበር፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ነው። ከዋሻው ማዶ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። የ50 ብር ገዝቼ ሸዋሮቢት ሳንደርስ ጨረስኩት። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሙቀትና አቧራ ነው። ከዚያ በኋላ ዳገቱ፣ ከዳገቱ በላይ ጉሙ፣ ከጉሙ ውስጥ ደሴ።

ሆቴሉ «ሙቅ ውሃ አለን» ብሎ ነው የተቀበለኝ። ማታ ስጠይቅ «ጠዋት ይመጣል» ተባልኩ። ጠዋት ስጠይቅ «ማታ ነበር እኮ» አሉኝ። እንግዳ ተቀባይዋ ግን «አብሽር!» ያለችበት አባባል እንዴት እንደሚያባብል! አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ተጣልቼ ነበር የምወጣው። ደሴ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ደረስኩ። ሚኒ ሚዲያዎቹ «ታዋቂው ደራሲ» ብለው አስተዋወቁኝ፤ ማይኩ እየጮኸ ስሜን ዋጠው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው አስገብተው ሻይ ጋበዙኝና ቀስ ብለው «ለመሆኑ ለማትሪክ ይጠቅማቸዋል?» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በተዛወረበት በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ ይዞ የተገኘ ልጅ ሥራ እንደፈታ ነው የሚቆጠረው።

የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ሲሰበሰብ ነው የመጣሁበትን ያየሁት። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያ መጽሐፌን ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። በአራት ተገንጥሏል። እያንዳንዱ ቁራጭ በስቴፕለር ተመትቶ፣ በደብተር ልባስ ተሸፍኗል። በሦስተኛው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሻይ አታፍስሱ! ሰኞ ይመለስ» ይላል። ከተማው ውስጥ ያገኙት አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ አራት ሰው ባንድ ጊዜ እንዲያነበው ቀደዱት። አንዷ ሦስተኛውን ከሁለተኛው አስቀድማ አንብባ ማን እንደሚሞት አውጥታባቸዋለች። እስካሁን አኩርፈዋታል።

አዲስ አበባ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ስሄድ የሚጠይቁኝ ስንት ብር እንደማገኝና ፊልም ይወጣው እንደሆነ ነው። እነዚህ ግን ያንን ልጅ ለምን እንደገደልኩት ነው ያፋጠጡኝ። ደህና መልስ አልነበረኝም። «ታሪኩ እንዲያስለቅስ ብለህ ነው አይደል?» አለች አንዷ። እሱማ ነው።

መጽሐፎቹን ለቤተ መጻሕፍቱ ላስረክብ ብል ተቆልፏል። ቁልፉን የያዙት ሰው ሥልጠና ሄደዋል። ምክትሉ «እኔ ቢሮ ይቀመጥ» አሉ። ቢሮ የገባ መጽሐፍ ተመልሶ ሲወጣ ስላላየሁ፣ ሁለቱንም ካርቶን የክበቡን መዝገብ ለምትይዘው ልጅ ሰጠኋት። ደስ ባይላቸውም ዝም አሉ።

ልወጣ ስል አንድ ቀጭን ልጅ በሩ ላይ ያዘኝ። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ያው መጽሐፌ ነው፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል፤ ቴሌግራም ግን አልሰማም መሰለኝ። ልጁ ምንም አላፈረም።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ክፍል መቼ ነው የሚወጣው?»

«ከወጣ እኮ ዓመት አለፈው።»

«ውሸት! ቴሌግራም ላይ የለማ!»