የሌሊት ፈረቃ

ከሥራ ስወጣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። መኪናው መስታወት ላይ በረዶ ጋግሯል። ሞተሩን አስነስቼ እስኪሞቅ ጠበቅኩ፣ ሲዲው ካቆመበት ቀጠለ። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ አላወጣሁትም።

አንክል ቱፔሎ የሚባል የአሜሪካ ሮክ ባንድ የዘፈኖች ስብስብ ነው። ሽፋኑ ላይ «89/93» ይላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993 ማለት ነው። 21 ዘፈን አለው። የወጣው በ2002 ነው፣ ባንዱ ከተበተነ ከስምንት ዓመት በኋላ። ያዋሰኝ መጋዘኑ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሰውዬ ነው፣ ከሴንት ሉዊስ ወንዙን ተሻግራችሁ የምታገኟት የቤልቪል ልጅ። የባንዱ ዘፋኞች ጄይ ፋራርና ጄፍ ትዊዲም የዚያች ከተማ ልጆች ናቸው፤ ካንትሪና ፓንክን አንድ ላይ ሲጫወቱ ያደጉ።

የሚገርመው ሰውዬው ራሱ ስብስቡን አይወደውም። በ1990 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የሚከፈተው «ግሬቭያርድ ሺፍት» በሚለው ዘፈን ነበር፣ የሌሊት ፈረቃ ማለት ነው። እዚህ ግን መክፈቻው ሌላ ነው። ይሄ እንዴት ያናድደዋል መሰላችሁ! ለእሱ ያ ጊታር መጀመሪያ ካልመጣ ባንዱ ራሱ አልመጣም። ፎርክሊፍት የምትነዳው ልጅ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምትለው። ዊልኮ የሚባለውን ባንድ ትወዳለች፣ ወደ ኋላ ስትፈልግ ያገኘችው ይሄንን ነው፣ ባይኖር ኖሮ ከየት እንደምትጀምር አታውቅም ነበር። ከዚያ የተለመደው ክርክር ይነሳል፣ ጄይ ወይስ ጄፍ? በ1994 ሲለያዩ ጄይ ሰን ቮልት የሚባል ባንድ መሠረተ፣ ጄፍ ከቀሩት ጋር ዊልኮ ሆነ፣ አድማጩም ያኔ እንደተከፈለ ቀረ።

እኔ በዚህ ክርክር መግባት አልፈልግም፣ ምክንያቱም ስብስቡን ከዳር እስከ ዳር ስትሰሙት ሌላ ነገር ነው የሚሰማችሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያ የጄይ ወፍራም ድምፅ ሁሉን ይሸፍነዋል፣ ጄፍ ከጎኑ ገና ልጅ ነው፣ ከዚያ ዘፈኖቹ ወደ 1993 እየተጠጉ ሲመጡ «ኒው ማድሪድ» ላይ ያው ልጅ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ታገኙታላችሁ። አንዱ ሌላውን አሳድጎታል። ይሄንን አንድ ሰዓት ከምናምን ውስጥ መስማት መቻል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ሰውዬው ልክ ነው። በመጋቢት 1992 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ፣ አቴንስ ከተማ ሄደው፣ የአር ኢ ኤም ባንድ ጊታሪስት ፒተር በክ ፕሮዲዩስ አድርጎላቸው በአምስት ቀን የቀዱት አልበም አለ። ከዚያ ላይ ዘፈን መምዘዝ ከተሠራ ቤት ምሰሶ እንደ መንቀል ነው። ከዚያ የተመዘዘው «ሙንሻይነር» ስብስቡ ላይ አለ። የቆየ የሕዝብ ዘፈን ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ አረቄ ሲያወጣና ሲጠጣ ስለኖረ ሰው። ጊታርና የጄይ ድምፅ፣ በቃ። ምንም አይቸኩልም። ሲያልቅ ጆሮዬ ከጎኑ የነበሩትን ይፈልጋል፣ የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ እስኪታየኝ ሁለቴ ሰማሁት። ለሰውዬው ነገርኩት፣ ሙሉውን አልበም ሰኞ ሌሊት ይዞልኝ ይመጣል።