ከጀበናው ስር

ጅማ፣ ጥቅምት

የቡና ለቀማው ተጀምሯል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲጠነክር የእንግዳውም ወቅት አብሮ ይገባል። ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ የሚያልፈውም ቢሆን ጅማ አድሮ፣ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ፣ በለጠ ጌራ ደን ውስጥ ተዘዋውሮ፣ ቡና ጠጥቶ፣ በርጩማ ገዝቶ ይሄዳል። «ዘላቂ ቱሪዝም» የሚሉት ነገር አዳራሽ ውስጥ ሲነገር ሰማይ ያክላል። እዚህ ሲወርድ ግን አብዛኛው የእንጨት ጉዳይ ነው። እንግዳው ሊያይ የመጣው ጥላ ስር ያደገ ቡና ነው። ያንን ጥላ የሚጨርሰው ደግሞ፣ ከሌላው ሁሉ ጋር፣ ለእንግዳው ቡና የምናፈላበት ከሰልና የምንሸጥለት በርጩማ ነው።

ከሰሉን ልያዝ። አፈር አልብሶ በሚከስለው የተለመደ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ከአቦል እስከ በረካ ምድጃው ሳይጠፋ ይቆያል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚያፈላ ቤት በወር ስንት ዛፍ እንደሚያነድ ማስላት አያዳግትም። የቡናው ገለባ ግን ሞልቷል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልብሱ የደረቀ ቡና፣ ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል፤ መፈልፈያው ጀርባ ተቆልሎ ይበሰብሳል፣ ወይም ለማንም ሳይጠቅም ይጨሳል።

ከገለባ ከሰል ለመሥራት ውድ ማሽን አያስፈልግም። ታችኛው ክፍሉ የተበሳሳ በርሜል ውስጥ ጥቂት ገለባ ለኩሶ፣ እሳቱ ሲይዝ እየጨመሩ መሙላት ነው። ቁም ነገሩ ክዳኑን የሚደፉበት ሰዓት ነው። ወፍራሙ ነጭ ጭስ ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል ክዳኑን ደፍቶ ዙሪያውን፣ የታቹን ቀዳዳ ጭምር፣ በጭቃ መምረግ፤ ከዚያ እስከ ነገ አለመንካት። ቀድመው ከደፉት ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ከዘገዩ አመድ ብቻ ያገኛሉ። ሳይበርድ የከፈተውም ያው አመድ ነው የሚጠብቀው፤ አየር ሲገባ እንደገና ይቀጣጠላል።

የከሰለውን ፈጭቶ መንፋት። ለ10 ኪሎ ደቃቅ ከግማሽ ኪሎ እስከ 800 ግራም የበቆሎ ዱቄት እንደ አጥሚት አፍልቶ በሙቀቱ ማሸት። ጭብጥ ሲያደርጉት ቅርጹን ከያዘና ውሃ ካላንጠባጠበ ደርሷል። በቅርጽ ተጠቅጥቆ ከ3 እስከ 5 ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥቅምት በጅማ ዝናቡ ገና ስለማይጨርስ ሌሊት ሌሊት መሸፈን ግድ ነው። በዱቄት ፋንታ ሸክላ አፈር የሚቀላቅሉ አሉ። ይረክሳል፤ ግን ምድጃው በአመድ ይታፈናል።

አንዱን ሰብሮ ማየት ነው። ውስጡ ድፍን ጥቁር ከሆነ ጥሩ፤ ቡናማ ነጥብ ካለበት ይጨሳል፣ ጭሱም በሚቆላው ቡና ላይ ያርፋል። እንግዳው ምክንያቱን ባያውቅም ሲኒውን ሳይጨርስ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ለመቁላት የገለባ ከሰል ሙቀቱ ደከም ይላል። መቁላቱን በእንጨት ከሰል ጨርሶ ጀበናውን በገለባው ላይ ማኖር ይሻላል፤ ዝግ ብሎ ስለሚነድ ለጀበና እንዲያውም ይመቻል።

በርጩማው ሌላ ጣጣ ነው። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ወጥ ግንድ ይጠረባል፤ ዋንዛ ደግሞ ለጠራቢ የተመቸ እንጨት ነው። የቡና ጥላም ነው፤ አበባው ሲፈነዳ የንብ ቀለብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ የከለከለውም በከንቱ አልነበረም። ጓሮና እርሻ ላይ ተተክሎ ያደገ ግን አለ፤ ሻጩ ከየት እንደተቆረጠ መናገር መቻል አለበት።

የማይነገርለት ብክነት ስንጥቁ ነው። እርጥብ እንጨት ቢላ ስለማያስቸግር ጠራቢው በእርጥቡ ይጨርሰዋል። በርጩማው ደረቅ አየር ወዳለበት አገር ሲሄድ ውሃው ከዳርና ከዳር ቀድሞ ይወጣና ከመቀመጫው እስከ እግሩ ይተረተራል። ገዢው ይጥለዋል፤ ያ ዛፍ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። በሻካራው ጠርቦ፣ የተቆረጠውን ፊት ሰም ቀብቶ፣ ነፋስና ፀሐይ በማያገኘው ጥላ ሳምንታት አቆይቶ ከዚያ ማለስለስ ነው መፍትሔው። ዋጋው ይጨምራል፤ መጨመርም አለበት።

ደኑ ውስጥ ያለው የእግር መንገድ ቀላል ይመስላል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ እንግዳው ጭቃውን ሽሽት ዳር ዳሩን ይሄዳል፣ የሚቀጥለው ከዚያም ወጣ ብሎ ይረግጣል፤ አንድ ሜትር የነበረው አራት ሜትር ይሆናል። የሚረገጠው ደግሞ ከእናት ዛፉ ስር ራሱን የዘራው የቡና ችግኝ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የባህር ዛፍ ግንድ በሰያፍ ቀብሮ ውሃውን ወደ ጎን ማስወጣት ግማሹን ችግር ያቃልላል። ግንዱ ቀጥ ብሎ ከተጋደመ ግን ውሃው ከኋላው ታቁሮ ሌላ ጭቃ ይፈጥራል፤ እንግዳውም እንደገና ዳር ይይዛል። አንድ ቡድን ከ8 ሰው ባይበልጥ ይሻላል፤ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ መንገዱን ዘግቶ እንግዳውን ወደ ጅሬን መውሰድ። ጅሬን እንኳ ዝናብ ቢሆን ጣሪያ አለው።