በአንድ ጆሮ መፈለግ፦ ስለ ዲቴክተርና ስለ ጆሮ ማዳመጫ

የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ዲቴክተር የምንለውን፣ አዲስ የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር በጆሮ ማዳመጫ እንዲሠራ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ በአብዛኛው የታሰበው ሰው በማይበዛበት የባሕር ዳርቻ ወይም በታጠረ ሰፊ ማሳ ላይ ብቻውን ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው። እኔ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ አልፎ አልፎም እስከ ሐይቅ ከተማና እስከ ደላንታ ድረስ የምሠራው ከብትና መንገደኛ በማይጠፋበት መሬት ላይ ሲሆን፣ የምጠራውም ለወርቅ ሳይሆን ለተቀበረ የውኃ ቧንቧ፣ አውድማ ላይ ለወደቀ ጉትቻ፣ ተሰብሮ ማሳ ውስጥ ለቀረ የማረሻ ብረትና ለመሳሰለው ነው። ስለዚህ ፍለጋውን በድምፅ ማጉያው ወይም አንድ ጆሮዬን ብቻ ሸፍኜ እጀምራለሁ፤ ሁለቱንም ጆሮዎቼን የምሸፍነው ምልክት ከተገኘ በኋላ፣ ቦታውን ለይቼ እስክቆፍር ድረስ ብቻ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

በመሣሪያው ጫፍ ላይ ያለው ክብ አካል በውስጡ የሽቦ ጥቅሎች አሉት። አንደኛው ጥቅል ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ መስኩ ብረት ወይም ሌላ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁስ ሲያገኝ በቁሱ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዑደት ይፈጥራል፤ ያ ዑደት በበኩሉ የራሱን ደካማ መስክ ይመልሳል፤ ይህንን መልስ ሁለተኛው ጥቅል ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የዛገ ብረትን በወፍራም ድምፅ፣ ብርንና መዳብን በቀጭን ድምፅ ይለያሉ። ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ የእናቶቻችን ጉትቻ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ የሚሰጠው ብር ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ነው። ቁሱ ባነሰና በጠለቀ ቁጥር ግን መልሱ በፍጥነት ይደክማል። አንድ ሳንቲም ስንዝር ያህል ከጠለቀ የሚሰማው ድምፅ አይባልም፤ መሣሪያው ያለማቋረጥ በሚያሰማው ዝቅተኛ እምታ ላይ የምትታይ ትንሽ ከፍታ ወይም ለቅጽበት የሚፈጠር መቋረጥ ነው። የደላንታ ንፋስ እየነፈሰ ይህንን በድምፅ ማጉያ መስማት ዘበት ነው። ጆሮን በደንብ የሚሸፍን ማዳመጫ የውጭውን ድምፅ በእጅጉ ስለሚቀንስ የጠፋውን ልዩነት ይመልሰዋል። የማዳመጫው ጥቅም በዋናነት ይህ ነው፤ ባትሪ ይቆጥባል የሚባለውም እውነት ነው፣ ነገር ግን ለእኔ ዋጋ የለውም።

የወሎ መሬት ግን የራሱ ጠባይ አለው። ደጋው በአብዛኛው የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ በረጋ ባዛልት ሲሆን፣ ይህ ጥቁር ድንጋይ ማግኔታይት የተባለውን የብረት ማዕድን በውስጡ ይዟል። ድንጋዩ ሲፈርስ ማዕድኑ በአፈሩ ውስጥ ስለሚቀር መሬቱ ራሱ ለመሣሪያው መልስ ይሰጣል። መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር ሳያስማሙ፣ ማለትም የአፈሩን መልስ እንዲተው ሳያስተካክሉ፣ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ማድረግ በባቲ የሰኞ ገበያ መሀል ቆሞ የአንድን ሰው ድምፅ ለመለየት እንደመሞከር ነው። ማዳመጫው የሚፈለገውንና የማይፈለገውን አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ያቀርባል። በዚህም የተነሣ ጀማሪዎች ጩኸቱን ለማሸነፍ የመሣሪያውን ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ደካማ ምልክት የመቀበል አቅሙን፣ ከፍ ሲያደርጉ አያለሁ። የሚሻለው ተቃራኒው ነው፦ ሴንሲቲቪቲውን ዝቅ አድርጎ፣ እምታው በጭንቅ እስኪሰማ ቀንሶ፣ በዝግታ መሄድ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድምፅ ጥቂት ቢሆንም ሊታመን የሚችል ነው። በመንገድ ዳር ባለው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ደግሞ ማዳመጫም ማስተካከያም የማያድንበት ጊዜ ስላለ፣ እንደዚያ ባለ ቦታ ራቅ ብሎ ከመጀመር የተሻለ መላ የለም።

ገመድ አልባው ማዳመጫ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጉዳይ ነው። ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል አዘግይቶ ሊያደርስ ይችላል። ዘፈን ለሚሰማ ሰው ይህ አይታወቅም። ዲቴክተሩን በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ለሚያወዛውዝ ሰው ግን ድምፁ ጆሮው በደረሰ ጊዜ ክቡ አካል ቁሱን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አልፎታል፤ ቦታው ቀኝ ነው ወይስ ግራ በሚል ጉድጓዱ በከንቱ ይሰፋል። በሰው አውድማ ላይ ሰፊ ጉድጓድ መቆፈር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። መዘግየቱን ወደ 40 ሚሊ ሰከንድ የሚያወርድ የብሉቱዝ ዓይነት አለ፤ አንዳንድ የዲቴክተር አምራቾችም ከዚያ ያነሰ መዘግየት ያለው የራሳቸውን ገመድ አልባ ሥርዓት ሠርተዋል። ገንዘቡ ላለው ሰው ጥሩ ነው። እኔ በገመድ እሠራለሁ፤ ገመዱን በልብሴ ሥር በጀርባዬ በኩል ስለማሳልፈው ቁጥቋጦ አይዘውም።

ድምፁን ማብዛት ሌላው ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ያው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። የዲቴክተር ድምፅ ችግሩ ከተራ ሙዚቃ ይለያል። ደካማውን ምልክት ለመስማት ድምፁን ከፍ አድርገን ስንሄድ፣ ከላይ የተጣለ ቆርቆሮ ወይም ሚስማር ላይ ስንደርስ መሣሪያው በድንገት ይጮኻል። ስለዚህ ማዳመጫ ሲመረጥ በራሱ ላይ የድምፅ መቀነሻ ያለው፣ ከተቻለም ድንገተኛ ጩኸትን የሚገድብ ቢሆን ይመረጣል። ዕድሜ ቀጭኑን ድምፅ ከጆሮ ቀድሞ ስለሚወስድ፣ ገፋ ያሉ ሰዎች የመሣሪያውን የድምፅ ቅጥነት ወደ ወፍራሙ ቢያወርዱት ድምፁን ከማብዛት ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጉዳዩን ከመሣሪያው በኩል ያየ ነው። በእኛ አገር ከዚህ የሚከብደው ከሰው በኩል ያለው ነው። በወሎ ገጠር ሰው አጠገብ ሰላም ሳይባባሉ ማለፍ ነውር ነው፤ ሁለት ጆሮውን ሸፍኖ ወደ መሬት አቀርቅሮ የሚሄድ ሰው ሰላምታ ሲቀርብለት ዝም ካለ እንደ ባለጌ ወይም የሚደብቀው ነገር እንዳለው ይቆጠራል። ከዚያም በላይ መሬቱ የእርሱ ያልሆነ ሰው ወርቅ ወይም የጥንት ዕቃ ይፈልጋል ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ የጠፋ ጉትቻ ልፈልግላቸው የሄድኩላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ማዳመጫውን ሳደርግ አይተው፣ «ልጄ፣ አንተ ብቻህን የምትሰማውን እኔ እንዴት ብዬ ልመን?» አሉኝ። «አያ፣ እውነትዎን ነው» ብዬ ገመዱን ነቅዬ በማጉያው ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ የመሬቱ ባለቤት በአጠገቤ ሲኖር ፍለጋውን ሁልጊዜ የምጀምረው እርሱም በሚሰማው ድምፅ ነው። ማዳመጫውን በማደርግበት ጊዜም ለምን እንደማደርገው አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ የሚፈልግ ከሆነ ጆሮው ላይ አድርጎ እንዲሰማ እሰጠዋለሁ። ጥርጣሬውን ከዚህ የበለጠ የሚያቀል ነገር አላገኘሁም። ከብት ሲመጣ፣ ሕፃን ከኋላ ሲጠጋ፣ ባጃጅ ሲታጠፍ መስማት የሚቻለውም አንድ ጆሮ ክፍት ሲሆን ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ማዳመጫም ማጉያም ይዤ አልሄድም። አንደኛው በ2014 ዓ.ም. ውጊያ የተካሄደበት መሬት ነው። ዲቴክተር የተሰበረ ማረሻንና ያልፈነዳ የከባድ መሣሪያ ጥይትን ለይቶ አይናገርም፤ ሁለቱም ብረት ናቸው፤ የቱንም ያህል ጥሩ ማዳመጫ ይህንን ልዩነት አይሰጥም። በእንደዚህ ያለ ቦታ አጠራጣሪ ነገር የታየ እንደሆነ ሳይነኩ መራቅ፣ ሰው እንዳይቀርብ ማድረግና ለፖሊስ መንገር ነው። ሁለተኛው ታሪካዊ ቦታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የወደቁበትን መቅደላን እንድፈትሽ የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ዕቃውን ባለበት እንዲጠብቅ ያዝዛል። አዋጁ ባይኖርም እንኳ አላደርገውም ነበር። ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ በሚወጣበት ደላንታ ላይ ደግሞ «ኦፓል ያገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርልኝም፤ ኦፓል ሲሊካና ውኃ እንጂ ብረት ስላልሆነ መሣሪያው በላዩ ዝም ብሎ ያልፋል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማዳመጫ እንዲያመጣላችሁ ለምትጠይቁ፣ መጀመሪያ የመሣሪያችሁን ቀዳዳ እዩ። ቀደም ያሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ አዳዲሶቹ 3.5 ሚሊ ሜትር ሶኬት ይቀበላሉ፤ መለወጫው ርካሽ ነው። ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም፣ ከ16 እስከ 32 ኦም የሆነ ማዳመጫ በትንሽ ኃይል በደንብ ይጮኻል፤ 150 ኦምና ከዚያ በላይ የሆነው ግን ከመሣሪያው ጋር እንዲስማማ ተብሎ ካልተሠራ ድምፁ ይደክማል። መሣሪያው ሞኖ (አንድ የድምፅ መስመር ብቻ ያለው) ሆኖ ማዳመጫው ስቴሪዮ (ለእያንዳንዱ ጆሮ የተለየ መስመር ያለው) ከሆነ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ በሌላ አገር እንደ ጉድለት ይቆጠር ይሆናል፣ ለእኔ ግን ሳልከፍልበት ያገኘሁት ጥቅም ነው። ለቆቦ ሜዳ ሙቀት ደግሞ ትራሱ ወልቆ የሚታጠብ ቢሆን ይመረጣል፣ ላቡ ቆዳ መሰሉን ሽፋን በአንድ በጋ ይልጠዋልና።