ፒንሳው ላይ ስንደርስ

ዛሬ ከሰዓት የ13 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ጂቲኤ 5 የሚባለውን የወንጀለኞች ቪዲዮ ጌም ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። "አጎቴ፣ አንተም ትጫወት ነበር እንዴ?" አለኝ። እንዴታ! እኔ ያደግኩት ሰፈራችን ጌም ቤት ተራ እየጠበቅኩ ሳን አንድሪያስ የሚባለውን የቀድሞውን ጂቲኤ በመጫወት ነው። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲጄ ጂም ሲሠራ ሲፈረጥም፣ በርገር ሲያበዛ ሲቦረጭ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

የመጀመሪያው ጂቲኤ በ1997 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ፣ ዳንዲ ከተማ ውስጥ ሲሠራ የጌሙ ከተማ ከላይ ወደታች ነበር የሚታየው። በ2001 ሦስተኛው መጣና ካሜራው ወርዶ ከምትጫወትበት ሰውዬ ጀርባ ቆመ። ለእኔ ሁሉም ነገር የተቀየረው ያኔ ነው፤ የገጨኸውን ሰው በቅርብ ታየዋለህ። ሳን አንድሪያስም በ2005 ውስጡ የተደበቀ የወሲብ ትዕይንት ተገኝቶበት አሜሪካ ውስጥ "ለአዋቂዎች ብቻ" ተብሎ ከሱቆች ወረደ።

ዛሬ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ የሚጫወትበት ገጸ ባሕርይ ትሬቨር፣ ወንበር ላይ የታሰረ ሰው ፊት ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ፒንሳ አለ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ፣ ሰውየውን በየትኛው እንደምታሰቃየው ምረጥ ይላል። ልጁ አውራ ጣቱን በተኑ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። "ካልመረጥኩ አያልፍም" አለኝ ቀስ ብሎ።

ይህን ጌም እወደዋለሁ፤ ይቺን ቦታ ግን አልወዳትም። ለ13 ዓመት ልጅማ ፈጽሞ! ጆይስቲኩን ተቀበልኩት፣ ሚሽኑን ተውነው። መኪና ይዘን ጌሙ ውስጥ ያለው ቺሊያድ ተራራ ላይ ወጣን፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ቁልቁል ከተማውን እያየን ቆየን።