ማክሰኞ፣ ሰኔ 28

2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ጅማ ውስጥ የአንድ ድህረ ምረቃ ኢንስቲትዩትን የአስተዳደር ሥራ ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። እኔ አላስተምርም፣ አላማክርም። የእኔ ሥራ መኪና፣ አልጋ፣ አበል፣ ወረቀት፣ ቶነር፣ የአዳራሽ ቁልፍ ነው። መምህራኑ ስለ ምርምር ሲጨነቁ እኔ ጄኔሬተሩ ናፍጣ አለው ወይ ብዬ እጨነቃለሁ። ቅር ብሎኝም አያውቅ።

በበጀት የሚተዳደር መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሰኔን ያውቃታል። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያልተገዛው ወንበር ሰኔ ላይ ይገዛል፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተሰጠው ሥልጠና ሰኔ ላይ ይሰጣል፣ ፋይናንስ ደግሞ ሒሳብ ልዝጋ ብሎ ወሩ ሳያልቅ የክፍያ ጥያቄ መቀበል ያቆማል። በዚህ ሁሉ ላይ የማስተርስ ተማሪዎቻችን ዲፌንስም በዚሁ ወር ይወድቃል። (ደብዳቤ ላይ "የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ" እንለዋለን፤ በአፋችን ግን ዲፌንስ ነው።) ለዲፌንስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ፈታኝ ይጠራል። ፈታኙ ሲመጣ መኪናው፣ ማረፊያው፣ አበሉና የፈታኝነት ክፍያው የእኔ ራስ ምታት ነው።

ፕሮግራሙ ከትምህርት ክፍሉ በኢሜይል መጣልኝ፣ በእንግሊዝኛ። ፈታኞቹ ማክሰኞ ጁን 28 ይገባሉ፣ ረቡዕና ሐሙስ ዲፌንስ ነው። አሥራ አራት ተማሪ፣ ሦስት ፈታኝ። ይህን ይዤ ለመኪና ስምሪት፣ ለእንግዳ ማረፊያው፣ ለአዳራሽ ኃላፊውና ለፋይናንስ በአማርኛ ደብዳቤ አረቀቅኩ። ጁንን ሰኔ አልኩት። ቁጥሩን ግን እንዳለ ተውኩት። ማክሰኞ፣ ሰኔ 28።

አንድ ሕፃን እንኳ የማይስተው ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን በዚያች ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የወረቀት ክምር ብታዩ ትንሽ ታዝኑልኝ ነበር።

ፀሐፊያችን በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ረቂቁን አነበቡና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ይሄ ቀን በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?" አሉኝ።

እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ። ተበሳጨሁ። "እትዬ፣ ማክሰኞ ብዬ ጽፌ የለም እንዴ? ካላንደሩን ይዩት።"

ዞር ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አዩ። ሰኔ 28 ማክሰኞ ነው። "እውነትም ማክሰኞ ነው" አሉና ቁጭ ብለው ተየቡት።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበል፤ ነገሩ እስካሁን ይገርመኛል። ሰኔ 1 ጁን 8 ላይ ነው የሚውለው። ልዩነቱ ልክ ሰባት ቀን፣ ማለትም ልክ አንድ ሳምንት ነው። ስለዚህ ጁን 28 ማክሰኞ ከሆነ ሰኔ 28ም ማክሰኞ ነው፤ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ። ግንቦት ላይ ቢሆን ልዩነቱ ስምንት ቀን ስለሆነ ዕለቱ አልገጥም ብሎ ያጋልጠኝ ነበር። ጥቅምት ላይ አሥር ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ዘጠኝ፣ ነሐሴ ስድስት። ሰኔና ሐምሌ ብቻ (የካቲትም አብዛኛውን ጊዜ) ሰባት ላይ ያርፋሉ። ዕለቱን አስገብቼ ራሴን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ያ ዕለት ነው ጉድ የሠራኝ። እትዬንም ያሳሳተብኝ እሱው ነው።

ሌላም ምልክት ነበር። ከፋይናንስ መልስ መጥቶልኝ ነበር፤ "በተጠቀሱት ቀናት የክፍያ ጥያቄ ማስተናገድ ስለማንችል ቀኑ ቀደም እንዲል" የሚል። አነበብኩት፣ "እነዚህ ሰዎች ሁሌም እንዲህ ናቸው" ብዬ ክምሩ ላይ ጣልኩት። ሄጄ ልከራከራቸው አስቤ ነበር። ሰዎቹ ቀኑ ትክክል አይመስልም እያሉኝ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን እንቢታ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሰኔ 21፣ ከምሳ በኋላ። የጅማ ዝናብ ጣራውን ይደበድበዋል። እኔ ንብረት ክፍል ቆሜ የወንበር ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) እያስቆረጥኩ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ኤርፖርት ደርሰናል። መኪናው የት ጋ ነው የቆመው?"

"ይቅርታ፣ ማን ልበል?"

ስማቸውን ነገሩኝ። ከፈታኞቹ አንዱ ናቸው። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "እርስዎ የሚመጡት የሚቀጥለው ማክሰኞ አይደል እንዴ?" አልኩ። ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ከቆሙ ሰው ጋር አልመጡም ብዬ ተከራከርኩ።

ሰውየው ጨዋ ናቸው። ትንሽ ዝም ብለው "እኔ እንኳ መጥቻለሁ" አሉኝ።

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። በእንግሊዝኛ ጁን 28 ይላል። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ።

ወደ ስምሪት ሮጥኩ። የስምሪቱ ጋሼ ፋይላቸውን ገልጠው፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤዬን በጣታቸው መቱልኝ። "ልጄ፣ ሰኔ 28 ነው የሚለው። ዛሬ 21 ነው። መኪኖቹ አጋሮ ናቸው፣ ማታ ነው የሚመለሱት።" ምን ይመለሳል? ሁለት ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ሁለት ዶክተሮችን በሸራ ባጃጅ፣ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አስይዤ አመጣኋቸው። ሦስተኛው በአውቶቡስ ስለመጡ ማታ ከመናኸሪያ ተቀበልኳቸው፤ የጊቤን በረሃ አቋርጠው ሲመጡ ውለው ደክሟቸዋል፣ ደግነቱ ምንም አልጠረጠሩም።

የእንግዳ ማረፊያው ሞልቷል። ሰኔ ነዋ! ሠልጣኝ በሠልጣኝ ሆኗል። ከተማ ወጥተን ሁለት ሆቴል ሞልቷል ተባልን፣ ሦስተኛው ላይ ሦስት ክፍል አገኘን። ከኪሴ ከፈልኩ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ አወዳድሮ፣ አስፀድቆ አልጋ ለመያዝ ጊዜ አልነበረማ።

ቢሮ ስመለስ ለእትዬ ነገርኳቸው። "ብዬህ አልነበር" አላሉም። ጃንጥላቸውን አንስተው "የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ልጅ ቤቱ መንገዴ ላይ ነው" ብለው ወጡ። ባይናገሩኝ ይሻል ነበር ወይስ ቢናገሩኝ፣ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግቢ ስገባ ያየሁት ነገር ይበልጥ አሳፈረኝ። ተማሪዎቹ ሁሉም አሉ። ሱፍ ለብሰዋል። አንዷ እናቷን ይዛ መጥታለች፣ ጀበናና ቆሎ ይዘዋል፣ አንዱ ደግሞ ኮሪደር ላይ ግድግዳውን እያየ ስላይዱን ለብቻው ይለማመዳል። ቀኑን የሳተ አንድም የለም። ኢሜይሉ በቀጥታ ከአማካሪዎቻቸው ነው የደረሳቸው፤ ለእነሱ እኔ አልተረጎምኩላቸውም። በግቢው ውስጥ የተሳሳተ ቀን የያዙት የእኔ ደብዳቤ የደረሳቸው ክፍሎች ብቻ ነበሩ።

ዲፌንሱ በሁለቱ ቀን አለቀ። ፕሮጀክተሩ አንዴ ጠፋ፣ መብራት አንዴ ሄደ፤ የተለመደ ነው። ፋይናንስ ደግሞ ያልጠበቅኩት ሆነ። ጊዜው ገና አልተዘጋም ነበርና ክፍያውን ወዲያው ተቀበሉኝ። እኔ እንደጻፍኩት ቢሆን ኖሮ ፈታኞቹ ገንዘባቸውን በአዲሱ በጀት እስኪያገኙ ክረምቱ ይጋመስ ነበር። ለክፍያው ግን ሰነዱ መታረም አለበት ተባለ። ስለዚህ ለአራቱም ክፍሎች የማስተካከያ ደብዳቤ አረቀቅኩ፤ "ሰኔ 28 በሚል በስህተት የተገለጸው ሰኔ 21 በሚል እንዲታረም" የሚል። እትዬ ተቀበሉኝ፣ አነበቡት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይሄኛውስ በእኛ ነው?"

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ስለ ቀኑ ሳይሆን ያን ዕለት ስለመለስኩላቸው መልስ።

ከዚያ ወዲህ ከቢሮዬ የሚወጣ ቀን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፣ ወሩም በስም እንጂ በቁጥር አይጻፍም። 05/10 የሚል ወረቀት ካየሁ እመልሰዋለሁ፤ ሰኔ አምስት ይሁን ሜይ አሥር ማን ያውቃል? ልዩነቱን በቃሌ አላሰላም። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ በአንድ ቀን ይጨምራል፤ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለው በዚያ ዓመት ነው። ኮምፒውተሩ ያስላው። ከሁሉም በላይ ግን ለእንግዳው ከሁለት ቀን በፊት እደውላለሁ። "መቼ ነው የሚገቡት?" ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ ቀኑን እኔ አልነግራቸውም። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ሲስተም ይገዛ ይላሉ። ይገዛ፣ አልቃወምም። የሁለት ደቂቃ ስልክ ግን እስካሁን አላሳፈረኝም።

የሆቴሉ ገንዘብ? አልተመለሰልኝም። ፋይናንስ ፕሮፎርማው የታለ አሉኝ፣ ቀጥሎ ደረሰኙን አዩት። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ 28/06/2022 ብሎ አትሞታል። ልጅቷ ደረሰኙንና የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ጎን ለጎን አድርጋ "ይኸው፣ እዚህም 28 ነው የሚለው፤ ታዲያ ለምን ወደ 21 ታረመ?" አለችኝ። ላስረዳት ጀመርኩ፣ ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር፣ ተውኩት። ደረሰኙ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቀለሙ መደብዘዝ ጀምሯል።